ሟቹ አልቀበልም ያሉት የሕይወት ታሪክ

ሰው ስልሳ ዓመት ካለፈው በኋላ አዲስ አመል ሲያወጣ ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚጠረጥረው መጠጥን ነው። መጠጥ ካልሆነ ሌላ ሴት ናት። ሌላ ሴትም ካልተገኘች ስኳር በሽታ ይሆናል ተብሎ ጤና ጣቢያ ይወሰዳል። እኔም በዚሁ ተራ ተጠርጥሬ፣ ተሽትቼ፣ ኪሴ ተፈትሾ፣ ደሜ ተመርምሮ ነጻ ወጥቻለሁ። የያዘኝ መጻፍ ነው። ለእሱ ደግሞ ጤና ጣቢያው መድኃኒት የለውም።

ስለ ራሴ ባጭሩ ልናገር፤ ስለ ራሱ አብዝቶ የሚናገር ሰው ሥራ የፈታ ሰው ነው። የቡና መፈልፈያ ማሽን ጠጋኝ ነኝ። ቤቴ ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ነው። ትምህርት ቤትን ከደጃፉ እንጂ ከውስጡ ብዙም አላውቀው። ንባብ የለመድኩት በልጅነቴ አሰንዳቦ ገበያ ላይ፣ ስኳርና ጨው የተጠቀለለበትን የጋዜጣ ቁራጭ እየዘረጋሁ ነው። ስለዚህ ብዙ ነገር የማውቀው ከመካከሉ ነው፤ መጀመሪያውና መጨረሻው ከሌላ ሰው ስኳር ጋር ሄዷል።

ልጆቼን ያሳደግኳቸው መቀመጥን ከስርቆት ቀጥሎ ያለ ጥፋት አድርጌ ነው። "የተቀመጠ ብረት ይዝጋል" እላቸው ነበር። እኔም ምሳዬን ቆሜ የምበላ፣ ቴሌቪዥን በበሩ መቃን ተደግፌ የማይ ሰው ነኝ። ታዲያ ኮሌጅ የምታስተምረው ልጄ ሰናይት አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ወንበር ላይ አገኘችኝና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ወደ ጓዳ ሮጠች።

"እማዬ፣ አባዬ ቁጭ ብሏል!"

"የት?"

"ወንበር ላይ!"

ባለቤቴ ዘነበች እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጥታ ግንባሬን ዳሰሰች። ምርመራው የተጀመረው ያን ዕለት ነው።

የነገሩ መነሻ ዕድራችን ነው። በእኛ ሰፈር ክርስቲያን ሲያርፍ በቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪኩ ይነበባል፤ ከማን ተወለደ፣ ምን ሠራ፣ ስንት ልጅና የልጅ ልጅ አየ። ይህን ሲጽፉልን የኖሩት ጡረተኛ መምህር አዲስ አበባ ልጃቸው ዘንድ ገቡ። ወዲያው ደግሞ ወፍጮ ቤት የነበራቸው እማማ በላይነሽ አረፉና ጸሐፊ ጠፋ። የዕድሩ ሊቀ መንበር አባ ፊጣ ወደ እኔ መጡ።

"አንተ ጋዜጣ ታነባለህ" አሉኝ።

"የተቀደደ ሲሆን ነው።"

"የሚያነብ ሰው መጻፍ አያቅተውም። ማሎ፣ እባክህ፣ አስከሬን ቤት ውስጥ አስቀምጠን አታከራክረን።"

አባ ፊጣ ሙስሊም ናቸው፤ በእነሱ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር አይነበብም። የእኛ ሲነበብ ግን ከፊት ቆመው የሚያዳምጡ እሳቸው ናቸው፤ ሳይጥማቸው ሲቀርም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ጻፍኩ። "ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት" የሚለውን እንደ ወጉ አስኬድኩት። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝና እጄ ሳያስፈቅደኝ ጨመረው፦ "እማማ በላይነሽ ዱቄቱን ከፊታቸው ሳይጠርጉ ነበር የሚስሙን፤ ከእሳቸው ቤት የወጣ ሰው ሁሉ ጉንጩ ነጭ ነበር።" ቀብሩ ላይ ይህችን ሳነብ፣ ከሕዝቡ መሐል አንዱ እጁን ወደ ጉንጩ ሰደደ። ከዚያ ሌላዋ። ከዚያ አባ ፊጣ።

የቆመ ማሽን ተነስቶ ሲዞር የሚሰማኝን ደስታ ዕድሜዬን ሙሉ አውቀዋለሁ። ይሄ ግን ሌላ ሆነብኝ። የዞረው ሰው ነው፤ ያውም ያለ ቅባት።

ከዚያ በኋላ ዕረፍት አጣሁ። መፍቻ ይዤ ቃል እፈልጋለሁ፤ ቃሉን ሳገኝ መፍቻው ይጠፋል። የመለዋወጫ ካርቶን ላይ እጽፋለሁ፣ ቡሎን በተጠቀለለበት ወረቀት ላይ እጽፋለሁ። ብድግ እላለሁ፣ ግቢውን እዞራለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ። ዘነበች "ለመቀመጥህ ለምደን ሳንጨርስ መነሳት ጀመርክ፤ እባክህ አንዱን ምረጥ" አለችኝ። ዋናው ችግር ግን ለመጻፍ ሟች ማስፈለጉ ነው። እኔ የማውቀው የጽሕፈት ዓይነት የሕይወት ታሪክ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ያለ ቀብር አይሠራም። ያ ክረምት ደግሞ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው አልሞተም። "እግዚአብሔር ይመስገን" ስል ግን እንደ ድሮው ከልቤ እንዳልነበረ ተናግሬ ልለፍ። ልጆቼን ሐሰት እንዳይናገሩ ገርፌ አሳድጌ እዚህ ላይ ብዋሽ አያምርብኝም።

የታመመ መጠየቅ አበዛሁ። ጉንፋን የያዘው ሁሉ በሩ ላይ ያገኘኛል። "አይዞህ" እያልኩ ግንባሩን፣ አፍንጫውን፣ አነጋገሩን አጠናለሁ። የታመመን መጠየቅ ጽድቅ ነው፤ ነገር ግን የጠያቂው ዓይን በሽተኛው ላይ እንጂ መደምደሚያው ላይ መሆን የለበትም። ይህን የምለው ከደረሰብኝ ተነስቼ ነው።

በዚህ መሐል ጎረቤቴን ጋሽ ወርቁን ሳንባ ምች ጣላቸው። ጋሽ ወርቁ የቡና መኪና ሹፌር ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን በጭነት መንገድ ላይ ፈጅተው አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። ከእሳቸውና ከእኔ ግቢ መካከል አንድ አጥር አለ፤ አለ ከተባለ። ሐኪም ቤት ሰንብተው ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ ሳሉ ግን አልለቀቃቸውም። እኔም ጀመርኩ። መኪናውን ጻፍኩ፣ ዳገቱን ጻፍኩ፣ ሲያስሉ እንኳ ማርሽ የሚቀይሩ እንደሚመስሉ ጻፍኩ። የጎደለኝ ልጅነታቸው ነው። የተኛን ሰው "የት ተወለዱ?" ብሎ መጠየቅ "የት ልቅበርዎ?" ከማለት አይለይም። ደግነቱ ታናሽ እህታቸው እትዬ ድንቄ ሊሙ ገነት አሉ፤ እኔም እዚያው ሊሙ ገነት የሚጠብቀኝ የተሰበረ ማሽን አለ። በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

አሁን ጥፋቶቼን አስቡልኝ። ዝናብ ስለነበር ያለኝን አንድ ወፍራም ካፖርት ለብሻለሁ፤ ጥቁር ነው፤ የምለብሰው ለለቅሶ ብቻ ነው። የደረስኩት በማለዳ ነው። የማሽኑ ባለቤትና አንድ ሽማግሌ ጎረቤቱ "ቤቱን እናሳይህ" ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው አብረውኝ መጡ። ሦስት ትልልቅ ሰዎች፣ በዝናብ፣ በማለዳ፣ ዝም ብለን እትዬ ድንቄ ደጅ ገባን። እትዬ ድንቄ ጎመን እየቆረጡ ነበር።

"እንደምን አደሩ፣ እትዬ ድንቄ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ምነው በጠዋቱ?"

"ምንም። ዝናቡ እንዴት ነው በእናንተ በኩል?"

"ዝናቡማ ደህና ነው።" ቢላዋውን አስቀመጡ።

"ቡናውስ ዘንድሮ ፍሬ ያዘ?"

"ይዟል።" ካፖርቴን ከላይ እስከ ታች አዩት። "ወንድም ጋሼ እንዴት ነው?"

"ትንሽ አሟቸው ነበር፤ አሁን ደህና ናቸው" አልኩ። እውነቴን ነው። "እስቲ አንድ ጊዜ ቁጭ እንበልና፣ ልጅ ሳሉ እንዴት እንደነበሩ ያጫውቱኝ።"

እትዬ ድንቄ ጎመኑን በትነው "ወይኔ ወንድም ጋሼ! ወይኔ ጋሻዬ!" ብለው መሬት ወደቁ።

በእኛ አገር መርዶ እንደ ዜና አይነገርም። ሽማግሌዎች ተሰብስበው በማለዳ ይሄዳሉ፤ ስለ ዝናብና ስለ አዝመራ ይጠይቃሉ፤ ከዚያ "ትንሽ አሞት ነበር፤ አሁን ደህና ነው" ይላሉ። ከዚያ ቃል በኋላ የቀረው ማልቀስ ብቻ ነው። እኔ ሳላስበው መርዶውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አንዲት ሳላጎድል አረዳሁ። ብዙ መርዶ አርድቼ አውቃለሁ፤ እንዲህ አሳክቼ ግን አላውቅም።

"በሕይወት አሉ!" ብዬ ጮህኩ። "ትናንት በቆሎ ሲበሉ አይቻቸዋለሁ!"

"አይዞህ ወንድሜ" አለኝ አንድ ሮጦ የመጣ ጎረቤት፤ አቀፈኝ። "በቆሎ ይወድ ነበር።"

"አልሞቱም እኮ ነው የምላችሁ! በልጄ ስም!"

"ደንግጦ ነው፤ ውኃ ስጡት።"

አብረውኝ የመጡት ሽማግሌ ዕንባቸውን እየጠረጉ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። "ለእኛ እንኳ መንገድ ላይ ብትነግረን ምን ነበረበት? ዝም ብለህ ስለ ማሽን ታወራለህ።"

"ደውሉላቸው!" አልኩ። ደወሉ። ጋሽ ወርቁ ባትሪ እንዳያልቅ ብለው ስልካቸውን አጥፍተው ነው የሚያስቀምጡት። የስልኳ ሴትዮ "ደንበኛውን ማግኘት አልተቻለም" ስትል፣ ለቅሶው የቤቱን ቆርቆሮ አንቀጠቀጠው። ወደ ዘነበች እንዳልደውል ኔትወርኩ ራሱ ሄደ። ክረምት ነው።

ሚኒባስ ተጠራ። እኔን ከፊት፣ ከሹፌሩ ጎን አስቀመጡኝ፤ የሐዘኑ አለቃ ሆኜ። መጀመሪያ ላይ ወደ ኋላ እየዞርኩ "ኧረ አልሞቱም" እያልኩ ተከራከርኩ። በኋላ ደከመኝ። ሴቶቹ ሙሾ ጀመሩ። አንዲቱ እንዲህ አለች፦

"የቡና መኪና፣ ዳገት ላይ ቆመሻል፣
መሪሽን የሚያውቀው፣ የት ሄደ ይሉሻል?"

ይቅር ይበለኝ፤ እስክሪብቶዬን አወጣሁ። ግጥሟ ጥሩ ነበረች። የሕይወት ታሪኩ መግቢያ ላይ ብትገባ ያምርባታል ብዬ ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ከነበረው ጽሑፍ ጀርባ ላይ ገለበጥኳት። ሹፌሩ አየኝና "የስንቱን ሰው ስም ነው የምትመዘግበው፣ ጋሼ?" አለኝ። 

ጊንጆ ጉዱሩ ስንደርስ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ከዋናው መንገድ ጀምሮ ዋይታው ቀለጠ። አባ ፊጣ ከሱቃቸው ደጅ ብቅ ብለው መጀመሪያ ሚኒባሱን፣ ቀጥለው ጥቁር ካፖርቴን፣ ቀጥለው እጄ ላይ ያለውን ወረቀት አዩ። "ኢና ሊላሂ!" አሉ። "ወረቀቱ ሳይቀር አልቋል!" የዕድሩ ጥሩምባ ተነፋ። ስብሰባ ሲጠራ ግማሽ ቀን የሚያረፍደው ሕዝባችን፣ ድንኳን ለመትከል ግን ወንድ ሴት ሳይል ግልብጥ ብሎ ይወጣል።

ጋሽ ወርቁ በረንዳቸው ላይ ብርድ ልብስ ተከናንበው፣ የተጠበሰ በቆሎ ይዘው ተቀምጠዋል። ዘመዶቻቸው ደረታቸውን እየመቱ በበሩ ሲገቡ አዩ። በቆሎውን ወረወሩና ብድግ ብለው፣

"እኔን! እኔን! ማን ነው? ማን ሞተብን?" ብለው ማልቀስ ጀመሩ።

አትፍረዱባቸው። ለቅሶ ሲመጣ ቀድሞ ይለቀሳል፤ የሟቹ ስም ኋላ ይጠየቃል። ነጠላ የተሸፋፈኑት ሴቶች ደግሞ ያገኙትን ሽማግሌ እያቀፉ ነው የሚያለቅሱት፤ እሳቸውንም አቀፏቸው።

"ጋሽ ወርቁን አጣን!" አለች አንዲቱ አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ።

"ወይኔ! የቱን ወርቁን?" አሉ ጋሽ ወርቁ፤ ለቅሷቸው ጨመረ። የአጎታቸው ልጅ ስምም ወርቁ ነው።

እትዬ ድንቄ ይህን ድምፅ ሰምተው ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጡ፤ አዩ፤ ለሁለተኛ ጊዜ ወደቁ።  ድንኳኑን የሚስቡት ሰዎች ገመዱን እንደያዙ ቆሙ። ዓይኑ ሁሉ አንድ በአንድ ወደ እኔ ዞረ።

"የሰናይት አባት" አሉ ጋሽ ወርቁ ዕንባቸው ሳይደርቅ። "እጅህ ላይ ያለው ምንድን ነው?"

ሐሰት አልናገርም። "የሕይወት ታሪክዎ ነው" አልኩ።

ያን ዕለት በራቸውን ዘጉብኝ። ሰላምታዬ ከአጥሩ ማዶ አልፎ መልስ ሳያገኝ የሚመለስ ሆነ። ሰፈሩ በሙሉ ሸሸኝ፤ ያስነጠሰ ሰው ሲያየኝ "አቧራ ነው! አቧራ ነው!" እያለ ይፈጥናል። ሰናይት "አባዬ፣ ተማሪዎቼ የጽሑፍ ሥራውን አሳጥሪልን ሲሉኝ 'ለአባቴ እሰጣችኋለሁ' እላቸዋለሁ፤ ወዲያው ዝም ይላሉ" ብላ ትስቅብኛለች። ዕድሩ ለእሑድ ስብሰባ ጠራ፤ የሕይወት ታሪክ መጻፉን ሊነጥቀኝ። የዕድር ቅጣት ከዚህ በፊት አስፈርቶኝ አያውቅም ነበር። ያ ሳምንት ግን መፍቻ የሚይዝ እጅ አጣሁ። እንደማንኛውም ሰው ከዕድር ብባረር የሚቀብረኝ አጣለሁ ብዬ መፍራት ነበረብኝ። እኔን የጨነቀኝ ግን፣ ነገ አንድ ሰው ሲሞት ጉንጩ ላይ ያለውን ዱቄት ሌላ ሰው ሳያይለት ይቀራል የሚለው ነው።

እሑድ ዕለት ስብሰባው የተደረገው እዚያው ለጋሽ ወርቁ በተተከለው ድንኳን ውስጥ ነበር፤ ዝናብ ስለነበር ማንም አላፈረሰውም። ሰው ሁሉ ተራ በተራ ከሰሰኝ። "ይጻፍ ከተባለ ሐኪም ሞቱን ካረጋገጠ በኋላ ይሁን" ያለም አለ። "የታመመ ሰው ቤት ካፖርት ለብሶ እንዳይገባ" ያለችም አለች። ሊወሰን ሲል ጋሽ ወርቁ ከዘራቸውን ተደግፈው ገቡ። ከታመሙ ወዲህ ከበረንዳ ሲወርዱ ያየናቸው ያን ቀን ነው።

"ከመፍረዳችሁ በፊት ይነበብልኝ" አሉ። "ምን ብሎ እንደቀበረኝ ልስማ።"

አነበብኩ። መኪናውን አነበብኩ፤ ዳገቱን አነበብኩ። ማርሽ የሚመስለው ሳል ላይ ስደርስ ሳል መጣባቸው፤ ድንኳኑ ሳቀ። በመጨረሻ እንደ ወጉ፣ "ከጎረቤቶቻቸውም ጋር በፍቅርና በሰላም የኖሩ" ስል ከዘራቸውን መሬት መቱ።

"ቁም! ከማን ጋር?"

"ከ... ከጎረቤቶችዎ።"

"ጎረቤቴ ማን ነው?"

"እኔ ነኝ።"

"አቮካዶውስ?"

ድንኳኑ እንደገና ሳቀ፤ የሰፈሩ ሽማግሌ ሁሉ ያን ጉዳይ በየተራው ሸምግሎታል። የጋሽ ወርቁ አቮካዶ ቅርንጫፉን በእኔ ቤት ላይ ዘርግቶ፣ ፍሬውን ቆርቆሮዬ ላይ እንደ ድንጋይ ሲያወርድ ነው የኖረው። ቅርንጫፉን ቁረጡ እላለሁ፤ ቤትህን አንሳ ይላሉ።

"የወደቀውን አቮካዶ መልሰህልኝ ታውቃለህ?" አሉኝ።

"በአጥሩ ላይ ወርውሬልዎታለሁ።"

"ፈርጦ የመጣውን ነው ወይስ በግራ ጆሮዬ በኩል ያለፈውን?"

"ጋሽ ወርቁ፣ የሕይወት ታሪክ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይጻፍም" አልኩ። "መልካም መልካሙ ነው የሚባለው።"

"ስማ!" አሉ፤ ድምፃቸው የጥንቱ የሹፌር ድምፅ ሆነ። "እኔ የተጫነልኝን ቡና መንገድ ላይ አራግፌ ደርሼ አላውቅም። አንተ የእኔን ዕድሜ ግማሹን ጥለህ ባዶ መኪና ልትሸኝ ነው? ተጣልተን መኖራችንን ጻፍ። ያ ሳል አፍኖኝ የወደቅኩ ዕለት ደግሞ በበሩ ዞሮ መምጣት ረዝሞበት፣ ያንን አጥር በእግሩ ደርምሶ፣ ተሸክሞ ባጃጅ ላይ የጫነኝ ማን እንደሆነ ጻፍ። እሱን ለምን ተውከው?"

"ስለ ራሴ መጻፍ መስሎኝ ነው" አልኩ፤ አንገቴን ደፍቼ።

"ስለ እኔ ነው እንጂ! የተሸከምከው እኔን አይደል?" ወደ ሕዝቡ ዞሩ። "ደግሞ አጥሩን እስከ ዛሬ አልሠራውም። እሱም ይጻፍ።"

 አባ ፊጣ ጢማቸውን ዳሰሱ።

"ወላሂ፣ ብዙ ዓመት ዕድር መርቻለሁ" አሉ። "ሟች ይግባኝ ሲል ያየሁት ዛሬ ነው። ሟቹ 'እንደገና ይጻፍልኝ' ካለ እኛ ማን ነን? ይጻፍ! ካፖርቱ ግን ይቅር።"

እትዬ ድንቄ እስካሁን አኩርፈውኛል። በሰው ግን ልከውልኛል፦ ወንድማቸው በልጅነታቸው በሙዝ ግንድ ላይ ተቀምጠው መኪና የሚነዱ፣ አፋቸው "ድርርር" ሲል የሚውል ልጅ ነበሩ። ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ ከየት ይገኛል? ሁሉንም ቀድጄ ከዚያ ጀምሬያለሁ። ጋሽ ወርቁም ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በፈረሰው አጥር በኩል ይመጣሉ፤ የመሣሪያ ሣጥኔ ላይ ይቀመጣሉ፤ አነብላቸዋለሁ። አንዱን መስመር ሲቀበሉ ሌላውን ይጥላሉ። በዚህ አካሄድ ቀብራቸው ገና ሩቅ ነው። አጥሩንም ለመሥራት ሁለታችንም አልቸኮልንም።

ባለፈው ቅዳሜ ይህን የምታነቡትን ወግ አነበብኩላቸው። ሲያልቅ ከዘራቸውን መሬት ላይ አሽከረከሩ። እኔም እንደ ልጅ ምስጋና እየጠበቅሁ ብድግ አልኩ፣ ተቀመጥኩ፣ ብድግ አልኩ።

"አቮካዶውን አሳንሰኸዋል" አሉ በመጨረሻ።

"ቅርንጫፉ ቤቴ ላይ ተዘርግቷል ብያለሁ እኮ!"

"ቅርንጫፍ አልክ እንጂ ዛፉን አላልክም። ሂድ እየው።"

ወጣሁ። ከሥሩ ቆሜ አንጋጥጬ አየሁት። ከሁለቱም ቤቶች በላይ ነው፤ ጫፉ አይታይም። ይህን ሁሉ ዘመን ስሰድበው የኖርኩት የቆርቆሮዬን ጠባሳ ብቻ እያየሁ ነው።

ተመልሼ ገባሁ። ወንበሩን ሳብኩና እስክሪብቶዬን ይዤ ተቀመጥኩ።